ታሪኳን ሳናስፈቅድ መድረክ ላይ አወጣነው

ጥቅምት ሊያልቅ ነው። የቁስቋም በዓል አንድ ሳምንት ቀርቶታል። የደብራችን አዳራሽ ሞልቶ ሰው በሩ ላይ ቆሟል። መድረኩ ላይ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጅ ሕፃን አዝላ ትታያለች። የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈታችና አንድ ቁልፍ አወጣች። ከፍ አድርጋ ለሕዝቡ አሳየችው። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ እናቶች ማልቀስ ጀመሩ።

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። ድራማውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰው ሲያለቅስ ስሰማ ደስ አለኝ። ተሳካልን ብዬ በመጋረጃው ክፍተት ወደ ሕዝቡ አየሁ። በሩ አጠገብ የነበረች አንዲት ወጣት እናት ልጇን ብድግ አድርጋ አዘለችና ወጣች። የቁልፉ ባለቤት እሷ ነበረች።

ይህን የምጽፈው በየደብሩ እንደኛ ለሚደክሙ ወጣቶች ነው። ድራማ፣ መዝሙር፣ የሥዕል ዐውደ ርእይ አዘጋጅታችሁ ለተቸገሩ ገንዘብ የምታሰባስቡ ብዙ ናችሁ። ሥራው ጥሩ ነው፤ አሁንም እሠራዋለሁ። ግን እኛ ባለማወቅ ሰው አቁስለናል። እናንተ ያንን መንገድ እንዳትደግሙት ነው። የደብሬንም የሰዎቹንም ስም አልጠራም።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ቀደም ባለው ክረምት ነው። በሰንበት ትምህርት ቤታችን የኪነ ጥበብ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። በጎ አድራጎት ክፍሉ ደግሞ እሑድ እሑድ በር ላይ ለሚቀመጡ ነዳያን ዳቦና ሻይ ያድል ነበር። ሰው ሲያንሳቸው እኔም እሄዳለሁ። ከነዳያኑ መካከል የሁለት ዓመት ልጅ ያላት እናት ነበረች። ዕድሜዋ ከሃያ አራት አያልፍም። ዳቦ ስሰጣት ቀና ብላ አታይም።

አንድ እሑድ ዝናብ ያዘንና በአጥሩ ጥግ አብረን ተጠለልን። ያን ቀን ሁሉንም ነገረችኝ። ከገጠር ነው የመጣችው። ባሏ ጥሏት ሲሄድ ልጇን ይዛ ጎንደር ገባች። ከልጇ ጋር የሚቀበላት ቤት አግኝታ ዐሥራ አራት ወር በሠራተኝነት ኖረች። ደመወዟ በወር 1,500 ብር ነበር። «እኛ ጋር ይጠራቀምልሽ» አሏት። አመነች። ልጁ ታሞ ሌሊት ሌሊት ማልቀስ ሲያበዛ ባንድ ጠዋት ውጪልን ተባለች። ሒሳቡን ስትጠይቅ «ስንቀልብሽ ኖረን ደግሞ ምን ትጠይቂያለሽ» አሏት። ስትወጣ የጓዳው ቁልፍ ነጠላዋ ላይ እንደታሰረ ነበር። መመለሻ አጣችለትና እዚያው ቀረ።

ቤቴ ገብቼ ደብተር ላይ ጻፍኩት። እንዳልረሳው ነው ያልኩት። እውነቱን ለመናገር ግን ያን ሌሊት ድራማ እየታየኝ ነበር።

ጽጌ መጣ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው አርባ ቀን ጎንደር ላይ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ሌሊቱን ሙሉ ከበሮና ጸናጽል ይሰማል። እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት ዘመን የሚታሰብበት ወቅት ነው። ኅዳር 6 ሲሆን ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ይወጣል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራችው ደብር ነው። የስደቱ ታሪክ ከኛ ከተማ ጋር እንዲህ የተጣበቀ ስለሆነ ሐሳቡ ወዲያው መጣልኝ። የእመቤታችንን ስደትና በራችን ላይ የተቀመጠችውን እናት ጎን ለጎን ማሳየት። ሐሳቡ አሁንም ትክክል ይመስለኛል። ስህተቱ አሠራራችን ላይ ነው።

ስሟን ቀየርኩ። የመጣችበትን አገር ቀየርኩ። ይበቃል መሰለኝ። ቁልፉን ግን ተውኩት፤ ከሁሉም የሚያስለቅሰው እሱ ስለነበር። በር ላይ የሚቀመጡት በሙሉ ስለ ቁልፉ እንደሚያውቁ አልጠየቅኩም። እሷን ለመጠየቅማ ጭራሽ አላሰብኩም። ለእሷው ጥቅም የምንሠራ ስለመሰለኝ ፈቃድ የሚባል ነገር ትዝ አላለኝም።

የዚያን ቀን በባልዲ ሲዞር የተሰበሰበው 63 ሺህ ብር ነበር። ለእኛ ትልቅ ገንዘብ ነው። ዘለልን፣ ተቃቀፍን። በማግሥቱ እሑድ ዳቦ ይዤ በር ላይ ስደርስ እሷ የለችም። አጠገቧ ትቀመጥ የነበረችውን አሮጊት ጠየቅኳቸው። «የቁልፏ ሴትዮ እያሉ ሲስቁባት ሄደች። እናንተው ናችሁ የነገራችሁባት» አሉኝ። ዳቦውን መያዝ አቃተኝ።

ሁለተኛው ጣጣ ገንዘቡ ነው። በባልዲ የመጣውን ብር ሦስታችን በአንድ ክፍል ዘግተን ቆጠርነው። ደረሰኝ አልቆረጥንም። ቃለ ጉባኤ አልያዝንም። የምንተማመን ጓደኛሞች ነን አልን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወሬው ተነሣ። ስልሳ ሦስቱ ሺህ ሰማንያ ሆነ፣ ከዚያ መቶ ሆነ። አንዷ አዲስ ጫማ ገዝታ ነበር፤ ጫማው ማስረጃ ተደረገ። አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም። ግን የምናሳየው ወረቀት አልነበረንም። ሰበካ ጉባኤው ከጥር ጀምሮ እስከ ፋሲካ ሥራችንን አገደ። ያኔ ተበድለናል ብዬ አልቅሻለሁ። ዛሬ ልክ ነበሩ እላለሁ። የእግዚአብሔር ቤት ገንዘብ በመተማመን ብቻ አይያዝም። መጀመሪያውኑ በደብሩ ደረሰኝ ገቢ ብናደርገው ያ ሁሉ ወዳጅነት አይፈርስም ነበር። በቡድናችን ዘጠኝ ነበርን፤ አራቱ ዳግም አልተመለሱም።

እኔም ልተው ነበር። ማኅሌት መቆም ትቼ ከርሜአለሁ። ዓመቱን ሙሉ ልምምድ፣ ስብሰባ፣ ስልክ ብቻ ነበር። ጸሎት ከሕይወቴ መቼ እንደወጣ እንኳ አላወቅኩም። እናንተም ራሳችሁን እዩ። ለቤተ ክርስቲያን እየሮጣችሁ ቅዳሴ የምታስቀድሱበት ጊዜ ካጣችሁ ሥራውን ቀንሱት። የደረቀ ሰው የሚሰጠው ነገር ሌላውንም ያደርቃል።

ከዚያ ነገር ያወጡኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ የነፍስ አባቴ ናቸው። ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ገንዘብ ስጪ ወይም ስገጂ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ቀኖናው ሌላ ሆነ። «ለሁለት ወር እሑድ እሑድ በር ላይ ከነዳያኑ ጋር ተቀመጪ። ምንም ይዘሽ እንዳትሄጂ። ዳቦም ቢሆን።»

የመጀመሪያው ቀን በጣም ከበደኝ። የሚያውቁኝ ሰዎች ሲያልፉ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። በሦስተኛው እሑድ ግን መስማት ጀመርኩ። ሁለት ዓመት ዳቦ ስናድል ያልሰማነውን በስምንት እሑድ ሰማሁ። የእሑዱ ዳቦ ችግራቸው አልነበረም። በበዓልና በእሑድ ዳቦ ይተርፋል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው የሚጠፋው። እናቶቹ ከሁሉ የሚፈሩት ሌሊቱን ነው። ሽንት ቤት የለም፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ውኃ አይጠጡም። አብዛኞቹ የቀበሌ መታወቂያ የላቸውም። መታወቂያ ከሌለ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ውስጥ መግባት አይቻልም። መክፈል ለማይችሉ ድሆች መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር እያለ እነሱ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። እኛ ግን ለልጆቹ ፊኛ እንገዛ ነበር።

እንግዲህ ምክሬ እዚህ ላይ ነው። እርዳታ ከመጀመራችሁ በፊት ተቀመጡ። ባዶ እጃችሁን ተቀመጡ። እጅ ላይ ዳቦ ካለ ሰው የሚነግራችሁ ዳቦውን የሚያስገኝለትን ነው።

ሁለተኛው ሰው በሥዕል ያረጁ አንድ አባት ናቸው። በእርጅናቸው ምክንያት ግድግዳ ላይ መውጣት ትተዋል። ደጃቸው ተቀምጠው ብራና ላይ ይሥላሉ። ድራማው ሲታይ ትልቅ ባነር አሠርተን ነበር። እኛ ቲሸርት ለብሰን ለነዳያን ዳቦ ስንሰጥ የሚያሳይ ፎቶ ነው። ተጣጥፎ እኔ ጋር ነበር። ጨርቁ ለጥላ እንኳ ይሆንዎታል ብዬ ወሰድኩላቸው። ዘርግተው አዩት። ብዙ ዝም አሉ።

«ልጄ፣ ድሮ ሥዕል የሚያሠራው ሰው የት ነው የሚሣለው?» አሉኝ።

አላወቅኩም።

«ከግርጌ ነው። ተደፍቶ። ምንትዋብን ናርጋ ሥላሴ ሄደሽ አላየሻትም? እቴጌ ናት፤ ግን ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታለች። እናንተ ከላይ ቆማችሁ ድሃው ነው ከግርጌ ያለው።»

ናርጋን ጣና ላይ ሄጄ አይቼዋለሁ። ያንን ሥዕል ቆሜ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ንግሥቲቱ እንዳለች ትዝ ይለኛል። የት እንዳለች ግን አላስተዋልኩም። ከዚያ ወዲህ የተቀባዮችን ፎቶ አናነሳም። የልጆችንማ በፍጹም። ለጋሾች ፎቶ ካልላካችሁ ሲሉን የተገዛውን ዕቃና ደረሰኙን አንስተን እንልካለን። የቀሩብን ለጋሾች አሉ። ይቅሩ።

ሥራው ሲከፈትልን በመጀመሪያ ያደረግኩት ያቺን እናት መፈለግ ነው። ጎንደር ዳር አዘዞ እንዳለች አሮጊቷ ነገሩኝ። ልብስ እያጠበች ነበር የምትኖረው። እዚህም ላይ ሌላ ስህተት ሠራሁ። ለልጁ ልብስና 2,000 ብር ይዤ ሄድኩ። ባዶ እጅን መሄድ ከብዶኝ ነው። ሳታስገባኝ በር ላይ ቆማ ሰማችኝ። ይቅርታ አልኳት። ፌስታሉን አቀበልኳት። አልተቀበለችኝም።

«እህቴ፣ ድሃ ስለሆንኩ ምሥጢር የለኝም?» አለችኝ።

ሌላ ምንም አላለችም። ድምጿም ከፍ አላለም። ፌስታሉን ይዤ ተመለስኩ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ስጦታ ይዞ አይሂድ። ስጦታው ይቅር በይኝ ብሎ ያስገድዳል። በሁለተኛው ሳምንት ባዶ እጄን ሄድኩ። በሦስተኛው ቡና አፈላች። ያን ቀን ነው «ምን ላድርግልሽ» ብዬ የጠየቅኳት። ዓመት ሙሉ ሳውቃት ይህን ጥያቄ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

መልሷ አጭር ነው። «ደመወዜን።»

ይህን ስሰማ አፈርኩ። ድራማ ጽፌአለሁ፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው አስለቅሻለሁ። የተከለከለ ደመወዝ እንዳለ ከመጀመሪያው ቀን ነግራኛለች። ደመወዙን ስለማስመለስ ግን ከዘጠኛችን አንድ ሰው አላሰበም። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ የተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ ይጮኻል ይላል። ይህንን ቃል እኛ በጥናት ፕሮግራም ላይ አንብበነዋል።

ችግሩ አሠሪዋ የኛው ደብር ምእመን መሆኗ ነው። ከእሷ ጋር ጽዋ የሚጠጡ ዘመዶች አሉኝ። ለጣራው ማሠሪያ ገንዘብ የሰጠች ሴት ናት። ከቡድናችን ሦስት ልጆች «ይህ የኛ ሥራ አይደለም፣ ደብሩን መከፋፈል ነው» አሉ። ለሁለት ሳምንት ተከራከርን። እኔ እነዚያን ልጆች አልወቅሳቸውም። ዳቦ ማደል ማንንም አያስቀይምም። የሰው ሐቅ ማስመለስ ግን ያስቀይማል። ወደ እንዲህ ያለ ሥራ ከገባችሁ ከምታከብሩት ሰው ጋር እንደምትጋጩ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እኛ መሐል መንገድ ላይ ነው የተነጋገርነው።

በመጀመሪያ ሽማግሌ ላክን። አሠሪዋ «ምን ውል አላት» ብላ መለሰች። ያኔ በዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በኩል ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ባለሙያዎችን አማከርን። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን አገልግሎት ይሰጣሉ፤ በከተማችሁ ጠይቁ። እዚያ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። የቤት ሠራተኛ ጉዳይ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይዳኝም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል አገልግሎት ቅጥርን ለብቻው ለይቶ በሌላ ደንብ እንዲታይ ትቶታል። ስለዚህ የሚሠራው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እዚያ ላይ ስለ ቤት ሠራተኞች የተጻፉ አንቀጾች አሉ። ውል የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም። ግን መሥራቷንና የተስማሙበትን ደመወዝ የሚያስረዳ ነገር ያስፈልጋል። ደግሞ ይርጋ የሚባል የመክሰሻ ጊዜ ገደብ ስላለ መዘግየት ጥሩ አይደለም።

ማስረጃው እንዲህ ተሰበሰበ። ጎረቤት ባለሱቅ በየቀኑ ዕቃ ስትገዛ ያውቃታል። ልጁ የተከተበበት ካርድ ላይ የዚያ ሰፈር አድራሻ ተጽፏል። አንድ ጊዜ ለእናቷ 3,000 ብር እንዲላክላት ጠይቃ አሠሪዋ በባንክ ልካላታለች። የላኪው ስም እዚያው ነበር። ይህችን ወረቀት ያገኘናት እናትየዋ ገጠር ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋት ስለነበረ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥማችሁ ከታሪኩ በፊት ወረቀት ጠይቁ። ቀን፣ የጎረቤት ስም፣ የክትባት ካርድ፣ የሐዋላ ደረሰኝ። ታሪኩን ሰምቶ ማልቀስ ይደርሳል።

ፍርድ ቤት አልደረስንም። ባለሙያዎቹ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤውን ግን ብቻውን አልላክነውም። ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎችና አንድ ካህን ይዘውት ሄዱ። ካህኑ አሠሪዋን በሰው ፊት አልገሠጿትም። ቡናዋን ጠጥተው፣ ልጆቿን ባርከው፣ ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ወጡ። ከቀረው 18 ሺህ ብር ውስጥ 10 ሺህው በሳምንቱ መጣ። 8 ሺህው ከሁለት ወር በኋላ። አሠሪዋን ያሳፈረ ድራማ አልሠራንም፤ እንሥራ ያሉ ልጆች ነበሩ። አንድ ሰው መድረክ ላይ ማዋረድ ምን እንደሆነ አንድ ጊዜ አይተነዋል። ሴትየዋ ዛሬም እዚያው ደብር ታስቀድሳለች። አንዳንዴ ሰላም ትለኛለች፣ አንዳንዴ ታልፈኛለች።

ያቺ እናት ስፌት የምትችል መሆኗን ያወቅኩት ቡና ስንጠጣ ነው። ግድግዳዋ ላይ የተሰቀለች ሙዳይ አየሁ። አክርማውን ራሷ ቀልማ፣ በስንደዶ ላይ የሰፋችው ነው። እንዲህ ያለ ጥለት ገበያ ላይ አላየሁም። በር ላይ የሚቀመጡትን ስንጠይቅ ሌሎችም ተገኙ። አንዷ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ግን ለሰው መናገር አትፈልግም። ለምን እንደሆነ አገራችንን የሚያውቅ ያውቃል። ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ ስንቱ የእጅ ባለሙያ ተገፍቷል። ጎንደር ወለቃ ላይ ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ሸክላ እየሠሩ የኖሩት ይህንኑ ስድብ ተሸክመው ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በእጅ ጥበብ ያጌጠች ናት። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ጣራውን ስታዩ ከላይ የሚያዩአችሁን መላእክት ፊቶች የሣለው የሰው እጅ ነው። የምንቀድስበት ጽዋ፣ የምናጥንበት ማዕጠንት በአንጥረኛ እጅ የተሠራ ነው። ሥራውን ወድደን ሠሪውን ስንጠየፍ መኖራችን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የኪነ ጥበብ ክፍሉን ሥራ ቀየርነው። ስለነሱ ከመተወን ይልቅ ከነሱ ጋር መሥራት ጀመርን። ስድስት ሴቶች ስፌት ያዙ። ሸክላ ሠሪዋም በኋላ መጣች። ሠዓሊው አባት ሁለት ልጆችን ቀለም መበጥበጥና ብራና መፋቅ ያስተምራሉ። ቅዱሳት ሥዕላትን ግን ለገበያ አናወጣም። ያ የደብሩን አባቶች ፈቃድና ሥርዓት የሚጠይቅ ነው፤ በዚህ ላይ አትቸኩሉ።

በመጀመሪያው ጥምቀት ለመሸጥ ስንወጣ ደግሞ ተሳሳትን። «የተቸገሩ እናቶችን ይርዱ» የሚል ጽሑፍ ለጠፍን። ሰው ሃምሳ ብር እየወረወረ ዕቃውን ሳይወስድ ሄደ። አንዱማ ሰፌዱን ገለባብጦ አይቶ «ለምጽዋት ነው አይደል» ብሎ በግማሽ ዋጋ ጠየቀ። ሴቶቹ ያን ማታ ዝም ብለው ነው የገቡት። በማግሥቱ ጽሑፉን ቀደድነው። በምትኩ ጥለቱ ምን እንደሚባል፣ ስንት ቀን እንደፈጀ ጻፍን። አንድ መሶብ 23 ቀን ይፈጃል። ዋጋውን በቀን ሥራ አስልተን፣ አክርማና ቀለሙን ጨምረን ቆረጥን። ውድ ሆነ። ግን ተሸጠ። ገዢው ሴቶቹን ስለ ጥለቱ ሲጠይቃቸው እነሱም ቀና ብለው ይመልሱ ጀመር። ጎብኚ እንግዳ ከከተማው በጠፋባቸው ዓመታት ገበያው በጣም ወርዷል፤ ያኔ ለሠርግና ለማኅበር የሚሆን ዕቃ ለከተማው ሰው መሥራት አዳነን። በእንግዳ ብቻ አትመኩ።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። አሁን የሚገባው ሁሉ በደብሩ ደረሰኝ ነው። ወጪ በሦስት ሰው ፊርማ ነው፤ ከሦስቱ አንዷ ከሴቶቹ መካከል ናት። በየወሩ ገቢና ወጪው በበሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ወሬ ጠፍቷል ማለት ይቻላል።

መታወቂያው ዘጠኝ ወር ፈጀ። ቀበሌ የቤት ቁጥር ይጠይቃል፤ እነሱ ቤት የላቸውም። በመጨረሻ ሰበካ ጉባኤው እናውቃቸዋለን ብሎ ደብዳቤ ጻፈ፤ የዕድር ሰዎች ምስክር ሆኑ። ዐሥራ አንድ እናቶች አገኙ። ሰባቱ በጤና መድኑ ገብተዋል። ይህ ከሠራነው ሁሉ ብዙም የማይታይ ሥራ ነው። ማንም አላጨበጨበልንም። እኔ ግን ከሁሉም አስበልጬ የማየው እሱን ነው።

ድራማም አልተውንም። ባለፈው ጽጌ ስለ ስደት እንደገና ሠራን። አሠራሩ ግን እንዲህ ነው። ማንም ሰው ታሪኩን ሲነግረን በዕለቱ አንጽፍም። ልንጠቀምበት ከፈለግን እንጠይቃለን። እሺ ቢል እንኳ ሳምንት ቆይተን ደግመን እንጠይቃለን፤ እንግዳ ፊት እምቢ ማለት ለብዙ ሰው ከባድ ነውና። ስም መቀየር በቂ አይደለም። ሰፈርተኛው የሚያውቀው ምልክት ካለ ይወጣል፣ የቱንም ያህል ቢያምር። ተውኔቱ ሲያልቅ ከአዳራሹ በፊት በር ላይ ላሉት እናቶች ይነበባል። አምና ሁለት ትዕይንት አስወጥተውናል። አንዱ በጣም የምወደው ነበር። አንዲት እናት ደግሞ «እመቤታችን ስትሰደድ ሁልጊዜ የምታለቅስ አስመሰላችኋት፤ ልጅ የያዘች ሴት መንገድ ላይ ትስቃለችም እኮ» አለችን። አስገባነው። ሕዝቡ ሳቀ፣ ከዚያ ዝም አለ።

ያቺ እናት ወደ ደብራችን አልተመለሰችም። አዘዞ ነው የምታስቀድሰው። ስፌቷን በሰው ትልካለች፤ ሒሳቧን እኔ አደርስላታለሁ። ይቅር ብያለሁ ብላኛለች። እኔም አምናታለሁ። ግን እዚያ በር ላይ መቆም አትፈልግም፤ ያን እንድትለውጥ አልወተውታትም።

ዘንድሮ ኅዳር 6 ቁስቋም ላይ አገኘኋት። ልጇ አድጓል፤ እጇን ይዞ ይሄዳል። ተሳሳምን። አዲስ ነጠላ ለብሳለች። ጫፉ ላይ ቋጠሮ አየሁ። ምን እንደሆነ ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አልጠየቅኳትም። ልጇን ስሜ፣ ታቦቱ ሲወጣ አብረን እልል አልን።